ባለ አንድ ዓይኑ ጌታ

አባቴ ሰውን የሚስለው በሁለት መንገድ ብቻ ነበር። ደጉን ሰው ፊቱን ወደ ተመልካቹ አዙሮ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሰጥቶ ይስለዋል። ክፉውን ግን በጎን ያዞረውና አንድ ዓይን ብቻ ይተውለታል። ይሁዳ አንድ ዓይን፣ ሄሮድስ አንድ ዓይን፣ ጌታን የገረፉት ጭፍሮች አንድ አንድ ዓይን። «ክፉ ሰው ሁለት ዓይን ካገኘ ምእመኑን ፊት ለፊት ያየዋል፤ እንዲያየው ደግሞ አልፈቅድለትም» ይል ነበር። ሕጉ የእሱ ፈጠራ አይደለም። ከመምህሩ የተቀበለው ነው፤ መምህሩም ከመምህሩ። በእኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የረገጠ ሰው፣ ፊደል ባይቆጥር እንኳ፣ ይህን ሕግ ያነባል።

እኔም በአሥር ዓመቴ አሳምሬ አነበው ነበር። ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ነው። መካነ ሰላም ላይ ከአቀስታ በኩል የመኪና ድምፅ ሲሰማ እናቶች ወጥተው ልጆቻቸውን ይቆጥሩ ነበር። እኔ መኪናው እንዳያመልጣቸው የወጡ ይመስለኝና ቀድሜያቸው እሮጣለሁ። አቧራው ውስጥ ቆሜ እጄን አውለበልባለሁ። በመኪናው ላይ ያሉት ሰዎች መልሰው የማያውለበልቡት ኩራተኞች ስለሆኑ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ መሪጌታ ላቀው ይባላል። እናቴ ሸዋረግ። አራት ልጆች ነን፤ እኔ አልጣሽ የመጀመሪያዋ ነኝ። ሰባተኛ ሰው ደግሞ ቤታችን ውስጥ ነበረች፣ ድንቅነሽ። ቤተሰቡ ሲቆጠር «ስድስት ነን» ይባላል እንጂ እሷ ተጨምራ «ሰባት» ሲባል ሰምቼ አላውቅም። እናቷ በአያቴ ቤት፣ በገንዘብ ከተገዛች ባርያ የተወለዱ ናቸው፤ ውላጅ ይሏቸው ነበር። ለእኔ ግን «እህትሽ ናት» ተብዬ ነው ያደግሁት። እህቴ ከእኛ ጋር ገበታ የማትቀርበው ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። አፏ ሹል ስለሆነ ምግብ ላይ ብትቀመጥ የምታስቀን ይመስለኝ ነበር።

ያን ዓመት አባቴ የሲኦልን ሥዕል ይሠራ ነበር። በቤታችን ጓሮ በኩል ባለው ክፍል አቡጀዲ ወጥሮ ነበር የሚሠራው፤ ሲያልቅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ ግድግዳው ላይ ሊለጠፍ ነው። ለሰይጣናቱ ብዙ ጥቁር ያስፈልገዋል። ጥቁሩን የምታዘጋጀው ድንቅነሽ ነበረች። ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ትፍቃለች፣ ከሰል ትፈጫለች፣ በሙጫ ታሻለች። እስከ ክርኗ ጠቁራ ስትወጣ እናቴ «ዛሬስ ቀለሙ የቱ ጋ እንደሚያልቅ አልለይ አለኝ!» ትላለች። ድንቅነሽም «ይፍቁኛ እትዬ፣ መሪጌታ እንዳይቸግራቸው» ትላለች። እንስቃለን። እሷም ትስቃለች፤ ወይም እኔ ትስቃለች ብዬ አስብ ነበር።

የአምስተኛ ክፍል አስተማሪያችን ጋሽ አሻግሬ ከደሴ የመጣ ቀጭን ሰው ነበር። ሽፋኑ የተገነጠለ የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ ነበረው። ዓርብ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እያነበበ በአማርኛ ይተርክልናል። ታሪኩ በደቡብ አፍሪካ ስለሚኖር አንድ ነጭ የእርሻ ጌታና ስለ ጥቁር ሠራተኞቹ ነው። ካድሬው ጓድ ሞላም «ዘረኝነትን የሚያጋልጥ ከሆነ ይነበብ» ብሎ ፈቅዶለታል ይባል ነበር። ስለዚህ ጋሽ አሻግሬ አይፈራም ነበር። ዛሬ ሳስበው የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ባይፈቀድለት ኖሮ ይጠነቀቅ ነበር።

አንድ ዓርብ መጽሐፉን ዘጋና ጠየቀን።

«የጌታው ውሻ ስሙ ማን ነው?»

«ሬክስ!» አልን አርባ ልጆች ባንድ አፍ።

«ውሃ የምታቀርብለት ሴትዮስ?»

እርስ በርስ ተያየን።

«ምዕራፍ ሰባት ደርሰናል እኮ! በየቀኑ ውሃ ታመጣለታለች።»

ፈንታዬ የምትባል፣ ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ተነሣች። «ጋሼ፣ ስም የላትም።»

«ፊቷስ? ፊቷ ምን ይመስላል?»

ፈንታዬ አሰበች። «ፊትም የላትም ጋሼ። እጅ ብቻ ናት።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ጋሽ አሻግሬ አልሳቀም። «ልክ ነሽ» አላት። «የውሻው ጆሮ እንኳ ተስሏል፤ አንደኛው ቁስል አለው። የሴትዮዋ ግን እጅ ብቻ። ሌሎቹም ጀርባ ናቸው፣ እግር ናቸው። ደራሲው ረስቶ አይደለም። ጌታው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲያይ የሚታየውን ነው የሳለልን። ጌታው ማሰሮውን ያያል፣ ማሰሮውን የያዘውን እጅ ያያል፣ ከዚያ በላይ ዓይኑ አይወጣም። ሰውን ለመግዛት ሰንሰለት ብቻ አይበቃም ልጆች። መጀመሪያ ፊቱን መውሰድ ያስፈልጋል።»

ከዚያ ደወሉ ሲመታ፣ «ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ፊቱን አይታችሁ የማታውቁትን ሰው ፈልጉ» አለን።

ስገባ ድንቅነሽ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ከሰል ትፈጫለች። ዞሬ ከፊቷ ተቀመጥኩ።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?»

«ፊትሽን። ጋሽ አሻግሬ ፊት የሌለውን ሰው እዩ ብሎናል።»

«ታዲያ ይሄ አንገቴ ላይ የተቀመጠው ምንድን ነው፣ ዱባ?»

ታሪኩን ከመጀመሪያው ነገርኳት። እየፈጨች ሰማችኝ። ስለ ውሻው ስትሰማ «እሰይ፣ ክርስትናም አንስተውት ይሆናል» አለች። ስለ ሴትዮዋ ስነግራት ግን እጇ ዘገየ።

«ጌታዋ ይመታታል?»

«አይመታትም። አያያትም፣ ይኸው ነው።»

መፍጨቷን አቆመች። «ይህን የጻፈው ሰው ጥቁር ነው?»

«ነጭ ነው አለ ጋሼ።»

«እንግዲያስ ያሳደገችው ጥቁር ናት» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

በማግስቱ ጋሽ አሻግሬ የአባቴን ሥዕል ሊያይ መጣ። ሁለቱ ይዋደዱ ነበር፤ መዋደዳቸው ግን ክርክር ነበር። አቡጀዲው ፊት ቆሞ ብዙ አየና፣ «መሪጌታ፣ ሰይጣንን ጥቁር ነው ብለው የነገሩዎት ማን አይቶት ነው?» አለ።

«መጽሐፍ ጨለማ ይለዋል። ጨለማን በምን ልቀባልህ፣ በቢጫ?»

«ጨለማውንስ ይቀቡት። ግን አፍንጫ ሰጥተውታል። ከንፈር ሰጥተውታል። ይህን አፍንጫ እኔ አውቀዋለሁ።»

ያኔ ድንቅነሽ ጠላ ይዛ ገባች። አባቴ እሷን አየ፤ ሥዕሉን አየ፤ እንደገና እሷን አየ። ጠላውን ተቀብሎ ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠው። እኔ የመሰለኝ በእንግዳው ተናዶ ነው። የሰይጣኑ ፊት ሰኞ ተፍቆ አገኘሁት፤ የተበላሸ መስሎኝ አዘንኩ።

ጋሽ አሻግሬ ነገሩን ለማለሳለስ ይመስላል፣ ስለ አንድ ዓይኑ ጠየቀ። አባቴም ሕጉን አስረዳው። «ሁለት ዓይን ያለው ክፉ ሰው የለም ማለት ነው?» ሲል አባቴ ሳቀ። «አለ እንጂ ወንድሜ፤ እሱ ነው መሳል ያቃተኝ።»

ስለዚህ ጋሽ አሻግሬ ሕጉን ያውቅ ነበር። ከየት እንደተማርኩትም ያውቅ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ።

ሲወጣ አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ። «አልጤ፣ አባቴ ይስላል ብለሽ በትምህርት ቤት እንዳታወሪ። ማንም ቢጠይቅሽ።» በዚያ ሰሞን ሁለት ካህናት ተወስደው ነበር። እኔ ያንን ከዚህ ጋር አላገናኘሁትም። አባቴ ሥዕሉ ሳያልቅ እንዲታይበት የማይፈልግ መሰለኝ።

በሚቀጥለው ዓርብ «ከልብ ወለዱ አንዱን ትዕይንት ሥላችሁ አምጡ» ተባልን። እኔ ጌታውን በበረንዳው ላይ መረጥኩ። ችግሩ ነጭ ሰው አይቼ አላውቅም። በረንዳ ላይ የሚቀመጥ ጌታ ደግሞ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ጓድ ሞላ። በቀድሞው ባላባት ቤት በረንዳ ላይ ወንበሩን ወደ ኋላ አጋድሎ ይቀመጣል። አንገቱ ላይ የሩቅ መነጽር ያንጠለጥላል። ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ይደፋል፤ አንድ እግሩን አጥሩ ላይ ይሰቅላል። በሜይ ዴይ ከረሜላ በትኖልን ስለነበር እወደው ነበር። በእኔ ቤት ክፉው የልብ ወለዱ ጌታ ነው፤ ከጓድ ሞላ የተዋስኩት ልብሱንና ወንበሩን ብቻ ነው። ታሪኩ ውስጥ ክፉ ስለሆነ ግን እንደ ሕጉ በጎን አዞርኩትና አንድ ዓይን ተውኩለት። ውሃ የምታመጣውን ሴት ፊት ለፊት፣ በሁለት ትልልቅ ዓይኖች ሳልኳት። ፊቱን ከድንቅነሽ ወሰድኩ።

ሰኞ ጋሽ አሻግሬ ወረቀቱን አየና ወደ በሩ ዞር ብሎ ተመለከተ። ለሌሎቹ ልጆች ሥዕላቸውን ግድግዳ ላይ ለጠፈላቸው። የእኔን አጥፎ መጽሐፉ ውስጥ ከተተው። «ይህ እኔ ጋ ይቀመጥ» አለኝ በለሆሳስ። አንደኛ ወጣሁ ማለት ነው ብዬ እየዘለልኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ለምን አልቀደደውም? ለምን እሳት ውስጥ አልጣለውም? ይህንን ጥያቄ ይኸው ከዐርባ ዓመት በላይ ስጠይቅ ኖርኩ። ልጆቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ደብተራቸውን ገጽ በገጽ የማገላብጠው፣ ባለቤቴ «ፖሊስ ነሽ?» እያለ የሚስቅብኝ፣ በዚህ ምክንያት ነው። ትንሹ ልጄ ሰው ሲሥል «ይሄ ማን ነው? የምናውቀው ሰው ነው?» እላለሁ። ለጋሽ አሻግሬ የማገኝለት መልስ አንድ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የድንቅነሽ ፊት ነበር። እሱን መቅደድ ያቃተው ይመስለኛል።

ማክሰኞ ጓድ ሞላ ከሁለት ታጣቂዎች ጋር ክፍላችን ገባ። ተነሥተን ቆምን። ፈገግ ብሎ «ተቀመጡ፣ ተቀመጡ» አለ። ልጆቹ ስለሚወዱት መጽሐፍ ሰምቶ ሊያየው እንደመጣ ተናገረ። ጋሽ አሻግሬ መጽሐፉን ወዲያው አልሰጠውም። «የተቀደደ ነው ጓድ፤ ሌላ ቀን ጠርዤው…» አለ። ጓድ ሞላ እጁን ዘርግቶ ጠበቀው።

መጽሐፉ ሲገለጥ ወረቀቱ ራሱ ወደቀ። ጓድ ሞላ አንስቶ ዘረጋው። ብዙ አየው። ውጪ ነፋሱ የቆርቆሮውን ጫፍ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

«ይህን ማን ሣለው?»

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ አሻግሬ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ሥዕሌን ሊወስድብኝ ነው! ተናድጄ ሳላስበው ብድግ አልኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ የሣልኩት!»

ጋሽ አሻግሬ ዞሮ አየኝ። ያን ጊዜ የተቆጣኝ መሰለኝ። ዛሬ የእናት ዓይን ስላለኝ አውቀዋለሁ፤ ገደል ጫፍ ላይ የቆመ ልጅ የምናየው እንደዚያ ነው።

ጓድ ሞላ አጠገቤ መጥቶ ጎንበስ አለ። የሳሙና ሽታ ነበረው። «ጎበዝ ነሽ። በዚህ ዓይነት መሣል ማን አስተማረሽ?»

የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ ያለ መሰለኝ። ማንም ቢጠይቅሽ ብሎኝ ነበር።

«ጋሽ አሻግሬ» አልኩ።

ጓድ ሞላ ቀና አለ። «አንተ ነህ ያስተማርካት?»

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። ልጅቷ የመሪጌታ ላቀው ልጅ ናት፣ አባቷን ጠይቁ ቢል ይበቃው ነበር።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለ።

«እኔ የቄስ ልጅ ነኝ እኮ» አለ ጓድ ሞላ ድምፁን ሳያነሣ። «ዳዊት ደግሜያለሁ። አንድ ዓይን ለማን እንደሚሰጥ ለእኔ ልትነግረኝ ነው?» ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያው ኪስ ቀይ እርሳስ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ጋሽ አሻግሬን ይዘውት ወጡ። ጠመኔው አሁንም በእጁ ነበር።

ቤት ገብቼ በኩራት አወራሁ። እርሳሱን አሳየሁ። አባቴ ወንበር ሲፈልግ ግድግዳውን ዳበሰ። እናቴ በሩን ዘጋች። ከዚያ አባቴ ተነሥቶ ኩታውን ለበሰ።

«ሄጄ እናገራለሁ። ሕጉ የእኔ ነው፣ ልጅቷም የእኔ ናት።»

እናቴ በሩ ላይ ቆመች። «በየት በኩል?»

«ሸዋረግ፣ ዞር በዪ።»

«እሱ ልጅ የለውም። እርስዎ አራት አለዎት።»

«እናትስ የለውም?»

እናቴ ከበሩ አልተነቃነቀችም። አባቴ ኩታውን እንደለበሰ እስኪመሽ ቆመ፤ ከዚያ ተቀመጠ። እኔ ክፍሉ ጥግ ሆኜ፣ አባቴ ሥዕል ያስተማረኝ እሱ መሆኑን ነግሮ ምስጋናውን ሊቀበል የፈለገ መሰለኝ። እናቴ ምን ነካት፣ ብትተወው ምን አለበት ብዬ ታዘብኳት። ዛሬ አልታዘባትም። ማታ ማታ ስልክ ሲጮህ ልጆቼን የምቆጥረው እኔ፣ ያን ቀን በዚያ በር ላይ ብሆን ከእሷ ይልቅ አጥብቄ እቆም ነበር። ይህን ማለት ደግሞ አያስደስተኝም።

በማግስቱ እናቴ አገልግል አሰናዳች። እንጀራውን በሽሮ አራሰችው፣ ምስር ቀቀለች። ጥያቄው ማን ይውሰደው ነበር።

«ድንቅነሽ ትውሰደው» አለች። «እሷን ማን ያያታል?»

«እውነትዎን ነው እትዬ» አለች ድንቅነሽ። አገልግሉን አነሣች። «እኔን ማን ያየኛል።»

እስረኛው ያለበት ግቢ ከገበያው በላይ ነበር። ሦስት ቀን ወሰደች። ሦስት ቀን አገልግሉ ባዶውን ተመለሰ፤ አባቴ በየቀኑ «በላ?» ይላል፤ «በላ» ትላለች። አባቴ እነዚያን ቀናት ብሩሽ አላነሣም። አቡጀዲው ተጠቅልሎ ቆጥ ላይ ተሰቀለ።

በአራተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ አልቅሼ አብሬያት ሄድኩ። ቀዩን እርሳስ ለጋሽ አሻግሬ ላሳየው ነው። በር ላይ የነበረው ጀብሪል የሚባል የሰፈራችን ልጅ ነው፤ ጠመንጃው ከእሱ ይረዝም ነበር። በሌላው ቀን አገልግሉን ተቀብሎ ይገባል። ዛሬ እጁን አልዘረጋም።

«ደህና አደርክ ጀብሪል።»

«አልሐምዱ ሊላህ።» መሬት መሬቱን ያያል። «ድንቅነሽ… መልሺው እህቴ።»

«ለምን? ዛሬ እንቁላል አለው።»

«ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልገውም» አለ። «ወላሂ፣ እኔ ሌሊቱን ተረኛ አልነበርኩም።»

በእጄ አጨበጨብኩ። «ተፈታ! ጋሽ አሻግሬ ተፈታ!»

ጀብሪል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ድንቅነሽ እጄን ይዛ ቁልቁል ወሰደችኝ። በዚያ ዘመን «ስንቅ አያስፈልገውም» ማለት ምን እንደሆነ ከአሥር ዓመት ልጅ በቀር የማያውቅ አልነበረም። ማልቀስም እንደሚያስጠረጥር ሁሉም ያውቅ ነበር። ሙሉ አገልግል ይዞ ከዚያ ግቢ የወረደ ሰው የማን ወገን እንደሆነ ገበያው ሁሉ ይረዳል። ድንቅነሽ ይህን ሁሉ እየተራመደች አስባዋለች። ከአንድ የድንጋይ አጥር ጀርባ አስቀመጠችኝና አገልግሉን ከፈተች።

«ብዪ።»

«የጋሼ ነው እኮ።»

«ትቶልሽ ነው የሄደው።»

«ወደ ደሴ ሄደ?»

«ሄደ። ብዪ አልጤ፣ ባዶውን መሆን አለበት። ቤት ስትገቢ ደግሞ ምንም እንዳትናገሪ፤ ለእነሱ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ልጆቹ ሲተኙ።»

እሷ አልቀመሰችም። ከፊቴ ተቀምጣ እያንዳንዱን ጉርሻ ስጎርስ ታየኝ ነበር። ርቦኝ ስለነበር በደስታ በላሁ። ቤት ስንደርስ የመጨረሻው እንቁላል ግማሹ አፌ ውስጥ ነበር።

እናቴ አገልግሉን ከፈተች። «ተመስገን!» አለች። «ዛሬ ፍርፋሪ እንኳ አላስተረፈ።»

አባቴ ከአራት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ከበላስ በርትቷል» አለ። ተነሥቶ ኩታውን ከምሰሶው አወረደ፣ አራገፈው። «ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔው አደርስለታለሁ። የሆነውንም ሁሉ እናገራለሁ።»

እናቴን አየናት። አገልግሉን አስቀምጣ ከበሩ ራቅ ብላ ቆመችና «ይሂዱ» አለች።

ድንቅነሽ እኛን ልጆቹን አየችና ባዶውን አገልግል ይዛ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ምስጢሩን አውቅ ነበር። ጋሽ አሻግሬ መፈታቱን አባቴ ነገ በራሱ ጆሮ ሰምቶ እንዲደሰት ብዬ፣ እንቁላሉን ዋጥ አድርጌ ዝም አልኩ።